አንድ ብልቃጥ፣ ሁለት ልጆች

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 18 ቀን 2025 በስክርሜቲ መዝገብ የሰጠውን ፍርድ ያነበብሁት እንደ ሕግ ዐዋቂ ሳይሆን መድኃኒት አዝዞ እንደሚፈርም ሐኪም ነው። የቴኔሲ ክፍለ ግዛት የ2023 ሕግ፣ ጉርምስናን የሚያዘገዩ መድኃኒቶችንና ሆርሞኖችን ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለጾታ ሽግግር ማዘዝን ይከለክላል። ሦስት ትራንስጀንደር ልጆች፣ ወላጆቻቸውና አንዲት ሐኪም ሕጉን ተቃውመው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ሕጉን አጸና።

ዋና ዳኛው ሮበርትስ የጻፉት ሐተታ፣ ሕጉ የሚለየው በዕድሜና በሕክምናው ዓላማ እንጂ በጾታ አይደለም ይላል። ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ እኛም መድኃኒትን የምንመዝነው በዓላማው ነውና። ይሁን እንጂ ጉርምስናው ለዘገየ ወንድ ልጅ ቴስቶስትሮን ማዘዝ ተፈቅዶ፣ ሲወለድ ሴት ተብሎ ለተመዘገበና ራሱን ወንድ አድርጎ ለሚያውቅ ልጅ ሲከለከል፣ ጾታን ሳይጠይቁ ዓላማውን መለየት እንዴት ይቻላል? ዳኛ ሶቶማዮር በልዩነት ሐሳባቸው አጥብቀው የያዙት ይህንኑ ነው።

የሕክምናው ማስረጃ አከራካሪ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ጥርጣሬን ከታካሚውና ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ መመዘን የሙያችን የዕለት ሥራ ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን ሥራ ለሕግ አውጪው ተወለት፤ ሕግ አውጪው ግን ልጁን አልመረመረውም።