ጥሩ የብስክሌት ባትሪ በምን ይታወቃል?

ብስክሌቱን በራሱ እጅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሰው ስለ ሞተሩ ዋት ብዙ ይጨነቃል፤ ስለ ባትሪው ግን የተለጠፈውን ቁጥር አንብቦ ይከፍላል። ጭንቀቱ መገልበጥ ነበረበት። ሞተሩ ቢበላሽ ፔዳል እየመቱ ቤት መግባት ይቻላል። መጥፎ ባትሪ ግን ጉዳቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ቆሞ ሳለ፣ ያውም ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ሰው በተኛበት ቤት ውስጥ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በሊቲየም ባትሪ ሳቢያ በተነሣ እሳት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋም በዚያው ዓመት ከመስከረም ጀምሮ ዩኤል 2271 የተባለውን የደኅንነት ፈተና ያላለፈ የብስክሌት ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። እኛ ጋ ግን ባትሪው ከየትም ይምጣ፣ ማንም ይሥራው፣ ዳኛው ብዙውን ጊዜ ገዢው ራሱ ነው። የሚዳኘው ደግሞ ቁጥሩን ሳይሆን የእጅ ሥራውን ነው።

ለዚህ ዳኝነት የመጀመሪያው መሣሪያ ቴስተር ሳይሆን ሚዛን ነው። በብስክሌት ባትሪ ውስጥ አብዝቶ የሚገኘው ሴል 18650 የሚባለው ሲሆን 18 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ 65 ሚሊሜትር ይረዝማል። ከታወቁ ፋብሪካዎች የወጣ ባለ ከፍተኛ አቅም ሴል 48 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የሚይዘውም 3,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያህል ነው። በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12.6 ዋት-ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ሻጩ «48 ቮልት፣ 20 አምፔር-ሰዓት» ብሎ ቢያቀርብልዎት ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 13 ሴል በተከታታይ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ 6 ጎን ለጎን፣ በድምሩ 78 ሴል። ሴሉ ብቻውን 3.7 ኪሎ ይመጣል፤ ሳጥኑና ሽቦው ሲጨመር አራት ኪሎን አልፎ ይሄዳል። ከነሳጥኑ 3 ኪሎ ከመዘነ በውስጡ የተባለው ነገር የለም። ክርክር አያስፈልግም፣ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ነጠላ ሴል ገዝተው ራስዎ ሊያሠሩ ከሆነም ሚዛኑ ይጠቅማል። «9,900 ሚሊአምፔር-ሰዓት» የሚል ጽሑፍ የለበሰ 18650 በየገበያው ይታያል፤ በዚህ መጠን ይህን ያህል የሚይዝ ሴል ግን በዓለም ላይ አልተሠራም። ብዙዎቹ ውስጣቸው ጥቂት ነገር ብቻ ስላለ ወደ 30 ግራም ይወርዳሉ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥቶ አዲስ ፕላስቲክ የለበሰውን ለመለየት ደግሞ ታችኛውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ነው። ቀድሞ ከተበየደ የነጥቦቹ ጠባሳ ይቀራል፤ ጠባሳውን በሞረድ ያጠፉ ሰዎች ደግሞ የሞረዱን ጭረት ትተው ይሄዳሉ። እንደ ምናለሽ ተራ ካለ ስፍራ የሚለቀም አሮጌ ሴል ለመብራትና ለራዲዮ ባትሪ ጥሩ ሁለተኛ ዕድሜ አለው፤ ሰውን ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ብስክሌት ግን አልመክርም። የላፕቶፕ ሴል የተሠራው ኃይሉን በዝግታ እንዲሰጥ ነው፣ አንዱ ከሌላው ያለው የዕድሜ ልዩነትም ባትሪውን ዘወትር ሲያናጋው ይኖራል።

አቅም አንድ ነገር ነው፣ የመስጠት ጉልበት ሌላ። ሳምሰንግ 35ኢ የተባለው ሴል 3,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይይዛል፣ ያለማቋረጥ መስጠት የሚችለው ግን 8 አምፔር ነው። የዚያው ፋብሪካ 25አር የሚይዘው 2,500 ብቻ ሲሆን 20 አምፔር ይሰጣል። ለባለ 1,000 ዋት ሞተር የሚመጣ የ48 ቮልት ኮንትሮለር ከ25 እስከ 30 አምፔር ይስባል። አራት 35ኢ ጎን ለጎን ሆነው 25 አምፔር ሲጠየቁ ለእያንዳንዱ ከስድስት በላይ ይደርሰዋል። ይችሉታል፣ ግን እየሞቁ። አምስት ቢሆኑ ለእያንዳንዱ አምስት ይደርሰውና ባትሪው ዕድሜውን በእርጋታ ይጨርሳል። ሴል ከተፈቀደለት ሁለት ሦስተኛ በላይ ሲሠራ እንዳይውል ማድረግ ጥሩ ሠሪ የሚጠብቀው ልክ ነው።

ይህ ሒሳብ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ፣ መንገዱ ሜዳ በሆነበት፣ ፔዳል ለሚያግዝ ሰው 10 ዋት-ሰዓት ለአንድ ኪሎሜትር ሊበቃ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ሌላ ናት። ከቦሌ እስከ እንጦጦ አናት ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ አለ። ሰውና ብስክሌት 100 ኪሎ ናቸው ብንል ያን 500 ሜትር ለመውጣት ብቻ 136 ዋት-ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ሞተሩ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ሲታከልበት ወደ 200 ይጠጋል፣ መንገዱና ነፋሱ ገና ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ሻጭ «60 ኪሎሜትር ይወስዳል» ሲል መጠየቅ ያለበት የት እንደሆነ ነው።

ከኬሚስትሪው ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት የያዘው ቀላልና ጉልበታም ነው፤ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ 13ቱ ተከታታይ ሲሆኑ 54.6። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሴል ሲሞላ 3.65 ቮልት ሲሆን ለ48 ቮልት ብስክሌት 16 ያስፈልጋል። ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል፤ በሌላ በኩል ሙቀትን በጣም ይታገሣል፣ ከ2,000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ቢወርድም ገና ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ለሚያደርስ፣ ባትሪውንም ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ለሚሞላ ሰው ክብደቱን ችሎ ይህንን ቢወስድ ይሻለዋል እላለሁ። በብስክሌቱ ወገብ ላይ፣ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ባትሪ ለሚፈልግ ግን የመጀመሪያው ነው የሚሆነው።

በነገራችን ላይ ባትሪውን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ በሻንጣ እንዲያመጣ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ እንዲህ ያለ የሊቲየም ባትሪ በእጅም በሻንጣም አይገባም፤ ትንሹ የብስክሌት ባትሪ እንኳን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ዘመድ ሞተሩን፣ ኮንትሮለሩንና ቻርጀሩን ይላክ።

አሁን ሳጥኑ ይከፈት። ጥሩ ሠሪ ሥራውን ከመዝጋቱ በፊት ፎቶ ያነሣል፣ ወይም ደንበኛው ፊት ይዘጋዋል። ሰማያዊ ፕላስቲክ ካለበሰ በኋላ «አትክፈተው» የሚል ሰው ዘንድ ምንም ሊመዘን አይችልም።

መጀመሪያ ዐይን የሚያርፍበት የሴሉ ትከሻ ነው። ብዙ ሰው ፖዘቲቩ ላይ፣ ኔጌቲቩ ታች ብቻ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የሴሉ ቆርቆሮ በሙሉ፣ ከታች ጀምሮ እስከ ላይኛው ትከሻ ድረስ፣ ኔጌቲቭ ነው። ከፖዘቲቩ ጉብታ የሚለየው ጠባብ ክፍተትና ከወረቀት የማይወፍረው የውጭ ፕላስቲክ ብቻ ነው። በዚያ ትከሻ ላይ ደግሞ ፖዘቲቩን የሚያገናኘው የኒኬል ቅጠል ተዘርግቶ ያልፋል። ብስክሌቱ ኮብልስቶን ላይ በየቀኑ ይንቀጠቀጣል፣ ቅጠሉ ፕላስቲኩን ይፈገፍጋል፣ አንድ ቀን ይበሳዋል። ያኔ ኮንታክት ይፈጠራል፣ በሴሉና በእሳቱ መካከል የሚቆም ፊውዝም የለም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በእያንዳንዱ ፖዘቲቭ ላይ የሚለጠፍ፣ መሐሉ የተበሳ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ክብ ወረቀት። ሃምሳ ሴል ላይ ሃምሳ ቀለበት መለጠፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ከተዘጋ በኋላም ማንም አያየውም። ስለዚህ የሠሪውን ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚነግረኝ ነገር የለም። ቀለበቱ ከሌለ የቀረውን ማየት አያስፈልገኝም።

ቀጥሎ ቅጠሉ ራሱ። ንጹሕ ኒኬልና ኒኬል የተቀባ ብረት በዐይን አይለዩም፣ ሁለቱም ማግኔት ስለሚይዛቸው ማግኔትም አይረዳም። ቁራጩን በሞረድ ፋቅ አድርጎ በጨው ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው። ብረት ከሆነ ጠዋት ዝገት ይታያል። ብረቱ ኤሌክትሪክን ከኒኬል በእጅጉ የባሰ ስለሚያስቸግር ዳገት ላይ ይሞቃል፣ ክረምት ሲገባም ይዝጋል። 8 ሚሊሜትር ስፋትና 0.15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ኒኬል አምስት ስድስት አምፔር ያለ ችግር ያሳልፋል። ስለዚህ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቅጠል አንድ መሆን የለበትም፤ ጎን ለጎን ያሉት ሴሎች አምስት ከሆኑ መሻገሪያውም አምስት ይሁን። ዋናው ወፍራም ሽቦ በቡድኑ አንድ ጥግ ብቻ ከተያዘ ደግሞ የዚያ ጥግ ሴል ከጓደኞቹ በላይ ይሠራል፣ ቀድሞም ያረጃል።

ብየዳው በነጥብ ብየዳ ማሽን መሆን አለበት። ካውያ ሴሉ ላይ ተጭኖ ሲቆይ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይገባና ሁለቱን ወገን የሚለየውን ስስ ፕላስቲክ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ያን ቀን አይታይም። የነጥብ ብየዳን ጥንካሬ ለማወቅ ሠሪው በሞተ ሴል ላይ አንድ ቅጠል እንዲበይድ ይጠይቁና በፒንሳ ይንቀሉት። ጥሩ ብየዳ በቀላሉ አይለቅም። ሲለቅም ቅጠሉ ይቀደዳል፣ ነጥቦቹ ግን ሴሉ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ቅጠሉም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ብየዳው ላዩን ነበር። ጠቁሮ የተበሳ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ተቃጥሏል።

ቢኤምኤስ የሚባለው የመከላከያ ሰሌዳ ሲነሣ ሻጮች ብዙ ያወራሉ፤ «ቢኤምኤስ ስላለው አያሰጋም» ይላሉ። ሰሌዳው የሚያየው ቡድኑን እንጂ ነጠላውን ሴል አይደለም። ከአምስት ጎን ለጎን ሴሎች የአንዱ ብየዳ ቢለቅ የቡድኑ ቮልት ወዲያው አይለወጥም፣ ሰሌዳውም ዝም ይላል፣ አራቱ ግን የአምስቱን ይሸከማሉ። መጥፎ ብየዳን የሚያድን ሰሌዳ የለም። የሰሌዳውን የራሱን ሥራ ለመመዘን፣ ከእያንዳንዱ ቡድን የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች በኒኬሉ ስለት ላይ ሳይረማመዱ፣ ከሥራቸው ሙቀት የሚችል ቴፕ ተነጥፎ፣ ተስተካክለው መሄዳቸውን ማየት ነው። የሙቀት መለኪያው ጫፍም ሴሎቹ መሐል ይግባ፤ ከሳጥኑ ክዳን ሥር ተንጠልጥሎ የሚቀር መለኪያ የሚለካው አየር ነው። ጥሩ ሠሪ ሰሌዳው ኃይል እንዲያቋርጥ አይጠብቅም። ኮንትሮለሩ 41 ወይም 42 ቮልት ላይ ራሱ እንዲያቆም ያስተካክለዋል፣ ሰሌዳውም ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ፊውዙ ላይ አንድ ስሕተት ተደጋግሞ አያለሁ። የመኪና ፊውዝ ርካሽና የትም የሚገኝ በመሆኑ ይገጠማል፤ ብዙው ግን የተሠራው ለ32 ቮልት ነው። 54 ቮልት ላይ ሲቃጠል ኤሌክትሪኩ በተቃጠለው ክፍተት መሐል እየዘለለ ሊቀጥል ይችላል። ለ58 ቮልትና ከዚያ በላይ የተሠራ ፊውዝ አለ፣ እሱ ይፈለግ፤ ከፖዘቲቩ መውጫ አጠገብም ይግባ። ማገናኛው ኤክስቲ90-ኤስ ቢሆን ሲሰካ ብልጭታ አይኖርም፣ ጫፉም እየጠቆረ አይሄድም።

ሳጥኑ ጠንካራ ይሁን፣ ሴሎቹም በፕላስቲክ መያዣ ተለያይተው ይቀመጡ። የሽቦው መውጫ ወደ ታች ይዙር፣ የክረምት ዝናብ ሽቦውን ተከትሎ እንዳይገባ። ባትሪው ከኋላ መጫኛ ይልቅ በብስክሌቱ ወገብ ላይ ሲታሰር ሁለት ነገር ይገኛል፤ ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱ አይወዛወዝም፣ ከመንገዱ የሚመጣው ምትም ይቀንሳል።

ቻርጀሩ ከመሰካቱ በፊት መውጫው በቴስተር ይለካ፤ ለ13ቱ ሴል 54.6 ቮልት፣ ከዚያ በላይ ምንም። የሞተር ሳይክል አሲድ ባትሪ ቻርጀር አይሆንም። ከዳገት የተመለሰ ባትሪ እስኪበርድ ይጠበቅ። በር አጠገብና ደረጃ ላይ አይሞላ፤ እሳት ቢነሣ መውጫው ይዘጋል።

ባትሪው ከመጣ በኋላ የሚቀረው ፈተና የጊዜ ነው። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ የ13ቱ ቡድን ቮልት በየተራ ይለካና በወረቀት ይጻፍ። በጥሩ ባትሪ ውስጥ ትልቁና ትንሹ ከ0.02 ቮልት በላይ አይራራቁም። ሳይነካ ሁለት ሳምንት ይቀመጥና እንደገና ይለካ። ሁሉም እኩል ትንሽ ቢወርዱ ደንብ ነው። አንዱ ብቻ ከጓደኞቹ ተለይቶ 0.05 ቮልት ያህል ከወረደ በዚያ ቡድን ውስጥ ኃይሉን በውስጡ የሚያፈስ ሴል ሊኖር ይችላል፤ ወይም ሰሌዳው ከዚያ ቡድን ብቻ እየሳበ ነው። የቀጭኗ ሽቦ ሶኬት ከሰሌዳው ተነቅሎ ልኬቱ ሲደገም ጥፋቱ የሴሉ ይሁን የሰሌዳው ይለያል። ጥፋቱ የሴሉ ከሆነ ባትሪው ከነወረቀቱ ወደ ሠሪው ይመለስ፣ ያ ቡድን ተፈትቶ እስኪቀየርም ቻርጅ አይደረግ።