በጭራቆቹ እግር ሥር የሚሮጠው ቁምጣ

ስለ ጃፓን የጭራቅ ፊልሞች የተጻፈ ነገር ያነበበ ሰው ስለ ላስቲኩ ብዙ ያውቃል። በ1954 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቶሆ ኩባንያ «ጎጂራ»ን ሲሠራ፣ ተዋናዩ ሃሩኦ ናካጂማ 100 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ልብስ ተሸክሞ በትንሹ የተቀረጸችውን ቶኪዮን እንዴት እንደረመረማት፣ ኤይጂ ጹቡራያ የተባለው የልዩ ትዕይንት አዋቂም ምን ምን ዘዴ እንደፈጠረ ብዙ ተብሏል፤ ይገባቸዋልም። ከጭራቁ እግር ሥር የሚሮጠው ልጅ ምን እንደለበሰ ግን እምብዛም አይነሳም። እኔ ደግሞ የእነዚህ ፊልሞች ቅንነት የሚፈተነው እዚያው ነው ባይ ነኝ።

በ1960ዎቹ የጭራቅ ተመልካች በአብዛኛው ሕፃን ሆነ። ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብቷልና ልጁ ማየት ብቻ አልበቃውም፤ ታሪኩ ውስጥ መግባት አማረው። ለመሆኑ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ምድርን ከሚጠብቁ ሰዎች ጽሕፈት ቤት በምን በኩል ይገባል? የተገኘው መልስ አልባሳት ነው። በ1966 በተጀመረው «ኡልትራማን» ላይ ሆሺኖ የሚባል ልጅ አለ። መጀመሪያ ላይ እንዲያው የቡድኑ ወዳጅ ሆኖ ይመላለሳል፤ ኋላ ግን የጎልማሶቹን ብርቱካናማ የደንብ ልብስ በእሱ ልክ አሰፍተው ያለብሱታል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ለምን እዚህ ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልብሱ የይለፍ ወረቀት ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ ሚትሱተሩ ዮኮያማ በ1956 የጀመረው «ቴትሱጂን 28» የሥዕል ታሪክ አለ። ባለታሪኩ ሾታሮ ከወገቡ በላይ ኮትና ክራባት ለብሷል፤ ሽጉጥ ይይዛል፣ መኪና ይነዳል። ከወገቡ በታች ግን ቁምጣ ነው። የዚያን ጊዜ የጃፓን ወንድ ልጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪጨርስ ቁምጣ ለባሽ ነበር፤ ረጅሙ ሱሪ መካከለኛ ደረጃን ይጠብቃል። ስለዚህ ሾታሮ በአንድ ገላ ላይ ሁለት ሰው ነው። ላዩ መርማሪ ነው፣ ታቹ ደግሞ ጉልበቱ የተላላጠ ተማሪ።

ይህ ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን ሳያሳስብ አይቀርም። ዮኮያማ የተወለደው በ1934 በኮቤ ነው። ኮቤ በ1945 በቦምብ ስትነድ እሱ ገና ሕፃን ነበር። የዚያ ዘመን የጃፓን ልጆች ጥጥ የተጠቀጠቀበት የአየር ጥቃት ቆብ እየደፉ ይሮጡ ነበር። የሾታሮ ሮቦት ራሱ በታሪኩ ውስጥ ለዚያው ጦርነት በምስጢር የተሠራ መሣሪያ ነው። እንግዲህ ከእሳቱ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ለልጅ የደንብ ልብስ ማልበስ ምን ማለት ነው? ሠሪዎቹ ጦርነት ናፍቀዋል አልልም። ልጅን ለማክበር ሲፈልጉ ግን ከወታደር መሰል ልብስ ሌላ ክብር አልታያቸውም።

ዳይኤ የተባለው ኩባንያ በ1968 «ጋሜራ ከቫይራስ» ላይ ዘዴ ቀየረ። ማሳኦና ጂም፣ አንዱ ጃፓናዊ ሌላው አሜሪካዊ፣ የቦይ ስካውት ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ፊልሙ ለአሜሪካ ገበያም የታሰበ ነበርና ሁለቱን ልጆች አንድ የሚያደርግ ልብስ ተፈልጎ ነው ብል ብዙም ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። በማግስቱ ዓመት በመጣው «ጋሜራ ከጊሮን» ደግሞ ሁለት ወንዶች ልጆች የሰፈር ልብሳቸውን እንደለበሱ ሌላ ፕላኔት ላይ ይወርዳሉ። ቶሞኮ የተባለችው ትንሽ እህት ግን ያየችውን እየተናገረች የሚያምናት አጥታ ምድር ላይ ትቀራለች። ለሴት ልጅ የይለፍ ልብስ የሰፋላት አልነበረም።

በ1967 በተጀመረው «ጃያንት ሮቦ» ላይ ዋናው ልብስ የእጅ ሰዓት ነው። ዳይሳኩ በዚያ ሰዓት ይናገራል፤ ሮቦቱም የሚታዘዘው ለእሱ ድምፅ ብቻ ነው። ማንም ሕፃን ሮቦት አይኖረውም፤ ክንዱ ላይ የሚያስረው ነገር ግን አያጣምና ብልሃቱ ይገባኛል። የሚገርመው 26ኛውና የመጨረሻው ክፍል ነው። ጠላት በአቶሚክ ኃይል የተሞላ ስለሆነ ቢመቱት ምድር ትጠፋለች። ሮቦቱ ሳይታዘዝ አንቆት ወደ ሰማይ ይነሳል። ዳይሳኩ በሰዓቱ ተመለስ ተመለስ እያለ ይጮኻል፤ ሰሚ የለም። ያ ሁሉ ትጥቅ በአንድ ጊዜ ባዶ ጌጥ ይሆንና ከውስጡ የሚያለቅስ ልጅ ብቻ ይወጣል። ከሃያ አምስቱ ክፍሎች ሁሉ ይህን አንዱን እመርጣለሁ።

ከሁሉ አስበልጬ የማነሳው ግን የጭራቅ ወዳጆች በብዛት የሚንቁትን፣ ኢሺሮ ሆንዳ በ1969 የሠራውን የጎጂራ ፊልም ነው። ኢቺሮ የተባለው ልጅ የፋብሪካ ጭስ በሞላው በካዋሳኪ ይኖራል። እናትና አባቱ ሥራ ውለው ስለሚያመሹ የቤቱን ቁልፍ ይዞ ራሱ ከፍቶ ይገባል። የሰፈሩ ጉልበተኛ ያሳድደዋል። ብቻውን ሲሆን በሕልሙ ወደ ጭራቆቹ ደሴት ይሄዳል፤ እዚያም የጎጂራ ልጅ ሚኒላ በቁመት አክሎት፣ የሰው አፍ አውጥቶ ያወራዋል። እሱንም የሚደበድበው ጭራቅ አለ።

አዎን፣ የጭራቆቹ ግብግብ በአብዛኛው ከቀደሙ ፊልሞች ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፤ ወቀሳው እውነት አለው። ነገር ግን ሆንዳ ለኢቺሮ ምንም አላለበሰውም። የደንብ ልብስ የለም፣ አርማ የለም፣ ተአምረኛ ሰዓት የለም። በሕልሙ እንኳ፣ ሁሉም በሚፈቀድበት ቦታ፣ ያው ቁምጣ ለባሽ ልጅ ነው። ልጅ ሲፈራ ምን እንደሚመስል ከእነዚህ ፊልሞች ሁሉ በግልጽ ያየሁት እዚህ ነው፤ የሚፈራው ነገርም ከሰማይ የወረደ ሳይሆን መንገዱ ጥግ ላይ የሚጠብቀው ነው። የባንክ ዘራፊዎች ሲይዙት ያመለጠው በእነዚያው እግሮች ሮጦ ነው፤ ከጉልበተኛው ጋር የተያያዘውም ያንኑ ቁምጣ እንደለበሰ ነው።