«የክፍል ሙቀት» የየትኛው ክፍል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጋቢ ያስፈልጋል። ጣርማ በርንና ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ ስትደርሱ ግን «መስኮት ክፈቱ!» ይባላል። ከፍታው 1,400 ሜትር አካባቢ ነዋ።

ከማሽላ አገዳና መሰል ነገሮች በውኃ የሚሟሟ ፖሊመር ስለመሥራት የሚጽፉ ጥናቶች ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይነሣል። ብዙዎቹ «በክፍል ሙቀት ተማሰለ» ብለው ያልፋሉ። የየትኛው ክፍል? የደብረ ብርሃን ወይስ የከሚሴ?

ፖሊመሩ ካርቦክሲሜትል ሴሉሎስ ነው፤ ባጭሩ ሲኤምሲ። የጥርስ ሳሙና፣ አይስክሬምና ቀለም ያወፍራል፤ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካም ድሩ እንዳይበጠስ ይቀባዋል። ሴሉሎስ ራሱ ግን ውኃ ውስጥ አይሟሟም (ቢሟሟማ የጥጥ ልብስ አጥበን ባዶ ሳፋ ይዘን በቀረን)። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። መጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳ አሳብጦ ያላቅቃቸዋል። ከዚያ ሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ሰንሰለቱ ላይ ውኃ ወዳድ ጭራ ይተክላል። አንዱ የሰንሰለት ቀለበት ቢበዛ 3 ጭራ ይይዛል፤ አማካዩ 0.4 አካባቢ ካልደረሰ ግን በደንብ አይሟሟም።

ሁለተኛውን እርምጃ ጥናቶቹ ጥሩ አድርገው ይለካሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። በ«ክፍል ሙቀት» የሚታለፈው የሶዳው እርምጃ ነው። ሶዳ የነካው ሴሉሎስ አየር ላይ ሲቆይ ኦክስጅን ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይፈጥናል። የሬዮን ፋብሪካዎች ሰንሰለት ለማሳጠር ሆን ብለው የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። ሲኤምሲ ላይ ግን ሰንሰለት አጠረ ማለት የማያወፍር፣ ውኃ የሆነ ሽሮ ማለት ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን የተሳካው አሠራር ከሚሴ ላይ ቀጭን ምርት ቢሰጥ፣ ጥፋቱ የከሚሴው ተማሪ ላይሆን ይችላል።

የሶዳው መጠንም ጣጣ አለው። ሲያንስ ሴሉሎሱ አይከፈትም፤ ሲበዛ ከአሲዱ ጋር ራሱ ተዋህዶ ሶዲየም ግላይኮሌት የሚባል የማይፈለግ ነገር ይሠራል። ውኃ ሲበዛም እንዲሁ ነው፤ ሥራው አይሶፕሮፓኖል ውስጥ የሚካሄደው አንድም ለዚህ ነው።

አሁን «ምርታማነት 170 በመቶ» የሚል ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ፤ ግን አስሉ። አንዱ ቀለበት 162 ይመዝናል፤ አንድ ጭራ 80 ይጨምርበታል። አማካዩ 0.7 ጭራ ከሆነ 100 ግራም ሴሉሎስ 135 ግራም ገደማ ይሆናል። ታዲያ ቀሪው 35 ግራም ምንድን ነው? ያልታጠበ የገበታ ጨው፣ ግላይኮሌት ወይም ያልደረቀ እርጥበት። አማካዩን ሳይነግረን 170 በመቶ የሚል ጥናት ምን ያህል ሲኤምሲ እንደሠራ አልነገረንም።

እዚህ ላይ «ተረፈ ምርት» የሚለው ቃልም ያስቸግረኛል። ከሚሴ ዙሪያ የማሽላ አገዳ በበጋ የከብት መኖ ነው፤ ይነድዳል፣ አጥርም ይሆናል። ገበሬው ለላሙ ያሰበውን አገዳ ሽጥልኝ ከመባሉ በፊት፣ ከዚያ 170 ውስጥ ስንቱ ጨው እንደሆነ ይነገረው።