ሰሌዳውን የከበቡት

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ መጠበቅ አልነበረም። ሁለቱ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው እጃቸው እንደፈጠነላቸው ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው እግረኛውን መደቅ ይገፋል፤ ያኛው ደግሞ የባላጋራውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ያፈርስና እንደገና ያሰልፋል። ይህ ምዕራፍ ወረራ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያዋን ጠጠር እስኪበላ ይቀጥላል፤ ከዚያች ቅጽበት በኋላ ጨዋታው ይረጋና በየተራ ይሆናል።

በኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ ያደገ ወጣት ይህን ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። ዛሬ ያሉት የጦርነት ጌሞች በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። በአንዱ ጎራ ሰዓቱ ያለማቋረጥ ይሮጣል፤ እጁ የዘገየ ይቀደማል። በሌላው ጎራ ተጫዋቹ እስኪበቃው አስቦ ተራውን ይጫወትና ለባላጋራው ይለቃል። የትኛው የበለጠ የጦር ጥበብ እንደሚጠይቅ የሁለቱ ጎራ ሰዎች ሲከራከሩ ዓመታት አልፈዋል። የጥንቶቹ ሰንጠረዥ ተጫዋቾች ሁለቱንም በአንድ ጨርቅ ላይ አኑረውት ነበር፤ መጀመሪያ ፍጥነትና ንቁ ዓይን፣ ቀጥሎ ትዕግሥትና ስሌት።

ስለዚህ ጨዋታ ከሚታወቀው ብዙው የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ተሰብስቧል። ሰሌዳው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ነበር። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት እርምጃ ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በሰያፍ አንድ ቤት ዘልሎ ያርፋል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። አጨራረሱም ክብር ነበረው፦ በኃይለኛው ደር (በዛሬው ቼዝ ሩክ) ንጉሥ መግደል ብዙ አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ የጨረሰ ሰው ግን ይወደሳል።

ከሕጎቹ ሁሉ በላይ ግን እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያየው ነገር ልብ ይስባል። ሶልት ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቷል። በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ዝም ብለው አያዩም ነበር። አገልጋዮች ሳይቀሩ ሐሳባቸውን ይሰነዝራሉ፤ እጃቸውን ሰድደው ጠጠር እየነኩ «ይህ አያዋጣም፣ ይህ ይሻላል» ይላሉ። ምክሩ ታዲያ አዘውትሮ የሚያደላው ለራስ ወልደ ሥላሴ እንደነበር ከሶልት ዓይን አላመለጠም። በግቢው ሥርዓት በጌታው ፊት ቃል የማይወጣው ሰው በሰሌዳው ፊት ተናጋሪ ነበረ።

የጦርነት ጨዋታን እንደ ሙያ የያዘ ሰው ሊያስብበት የሚገባው ይህ ክበብ ነው። ሕግ ይጻፋል፣ ሰሌዳ ይሠራል፣ ሥዕሉም በየዓመቱ ይታደሳል። ጨዋታውን አሻሽሎ ለቀጣዩ ትውልድ የሚያቀብለው ግን ዙሪያውን ከብቦ የሚከራከረው፣ የሚያርመውና የሚያስታውሰው ሰው ነው። ሰንጠረዥ ለዚህ ማስረጃ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወር የመኳንንቱ ግቢ ተበተነ፤ ጨዋታውም አብሮ ከሰመ፣ ከነጻነት በኋላም ቦታውን የዓለም አቀፉ ቼዝ ወረሰው። ሕጎቹ በመጻሕፍት አሉ። ማንም ሰው ዛሬ አንብቦ በኮምፒውተር ሊሠራቸው ይችላል። ወረራውን አይቶ «አሁን ፈጥነሃል፣ ያን ፈረስ መልሰው» የሚል ሰው ግን በመጽሐፍ አይገኝም።

በምዕራብ ጎጃም ክበቡ ራሱ አልጠፋም። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ካርቶን ላይ በተሰመረ ሰሌዳ፣ በለስላሳ ቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ካሉ ዙሪያቸውን የቆሙ አይጠፉም። የአንዱ ቆርኪ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ተገልብጦ ይለያል። በገጠሩ እረኞች መሬት ቆፍረው በጠጠር ገበጣ ይጫወታሉ፤ እዚያም ከሁለቱ ተጫዋቾች ይልቅ ጎን ያለው ልጅ ቀድሞ ቆጥሮ ይጨርሳል። ከቡሬ ወደ ሰሜን በአጎራባቹ አዊ ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ80 ዓመት በላይ የፈረስ ጉግስንና ትርኢትን ሲያቆይ ኖሯል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚታየው ይኸው ነው። የዓድዋን ፈረሶች ውለታ የሚዘክር ማኅበር በመሆኑ እዚያ ጨዋታውና የጦርነቱ ትዝታ ተለያይተው አያውቁም።

ይህ ጨዋታን ከብቦ የመከራከርና የማረም ልማድ በኮምፒውተሩም ዓለም ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ኢትዮጵያንም በቀጥታ የሚመለከት ምሳሌ አለ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። የሠራው ኩባንያ ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ ካዞረ በኋላ ጨዋታውን በሕይወት ያቆዩት ተጫዋቾቹ ናቸው። ካርታ ሠሩ፣ ውድድር አዘጋጁ፣ ሚዛኑ የተዛባውን አረሙ። በመጨረሻ ከእነሱ መካከል የተሰባሰቡ አድናቂዎች ፎርጎትን ኢምፓየርስ በሚል ስም አዳዲስ ሕዝቦችን የጨመረ ሥራ በነጻ አወጡ። ሥራው ተወዶ እ.ኤ.አ. በ2013 ሕጋዊ ማስፋፊያ ሆነ። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ባወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ማስፋፊያ ላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ጨዋታው ገቡ። ቀስተኞቻቸው ከሌላው ፈጥነው ይወረውራሉ፤ ሾተል የታጠቀ ልዩ ተዋጊ አላቸው፤ ዮዲትን የሚመለከት ዘመቻም አለ። ተጫዋቹ አንዱን ወታደር ሲነካው መልሱ በአማርኛ ይመጣል። አንድ የጎጃም ልጅ የገዛ ቋንቋውን ከእንዲህ ያለ ጨዋታ ሲሰማ ያንን ያደረሱለት በመጀመሪያ ጨዋታውን ወድደው የከበቡ ሰዎች ናቸው።

ክበቡ ሌላም ሥራ አለው፤ ሠሪው የሳተውን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሲቪላይዜሽን አምስት ላይ ኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ስትጨመር የተሰጣት ልዩ ችሎታ የዓድዋ መንፈስ ተባለ። ከእሷ የበለጡ ከተሞች ካሉት አገር ጋር ስትዋጋ ጦሯ 20 በመቶ ይበረታል። የሠሪዎቹ ሐሳብ መልካም ነው፤ ኢጣልያ ፋብሪካና ቅኝ ግዛት ያላት አገር ነበረች። ሆኖም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በቁጥር የሚበልጠው የምኒልክ ጦር ነበር። የኢጣልያ ጦር ከ17,000 ብዙም አይዘልም፤ የኢትዮጵያው ወደ 100,000 ይገመታል። ትልቁ ጥበብ ያን ሁሉ ሰው ከየአውራጃው ጠርቶ፣ በአንድ ሰንደቅ ሥር አሰልፎና ስንቁ ሳያልቅ በጦር ሜዳው ማቆየት ነበር። ይህ ደግሞ በ20 በመቶ ጉልበት አይገለጽም፤ የመንገድ፣ የስንቅና የመኳንንት ስምምነት ጉዳይ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ተጫዋች ይህን አንስቶ ቢከራከር ጨዋታውን ከማንኛውም አዲስ ሥዕል በላይ ይጠቅመዋል።

ትንሹ ትልቁን ያሸነፈበትን ጦርነት የሚፈልግ ሰው ቡሬን ይመልከት።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከስደት በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከሱዳን ድንበር ጦር የተውጣጣውን ሻለቃና በስደት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን የሚገኙበትን ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ ይዞ ጎጃምን ወጣ። ጭነቱን የተሸከሙት ግመሎች ከቆላው ወጥተው የደጋውን አቀበትና ብርድ አልቻሉም፤ በመንገድ ላይ አለቁ። ቡሬ ላይ የኢጣልያዊው ኮሎኔል ናታሌ ጦር በሺዎች የሚቆጠር ሰው፣ ምሽግ፣ ብረት ለበስ መኪናና ፈረሰኛ ነበረው። ዊንጌት ፊት ለፊት ገጥሞ እንደማያሸንፍ ያውቅ ነበር። በትናንሽ ቡድን በሌሊት ምሽጎቹን ያስደበድባል፤ በማንኩሳ ያለውንም ምሽግ ያስጨንቃል። የፕሮፓጋንዳው ክፍል ደግሞ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ እየተጣራ ከጣሊያን ጋር የተሰለፉትን የአገር ልጆች ያስከዳል። በዙሪያው እነደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የሚመሯቸው አርበኞች ለዓመታት አገሩን ለጠላት የእሾህ አጥር አድርገውት ቆይተዋል።

ናታሌ የከበበው ኃይል ከእውነተኛው እጅግ የሚበልጥ መሰለው። የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ በደምበጫ መንገድ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ በጨረቃ ወንዝ አጠገብ በሻለቃ ቦይል የሚመራው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ድንገት መንገዱ ላይ አገኘው። ያ ውጊያ ማታለል የሌለበት፣ ከባድ ደም የፈሰሰበት ነበር። ሻለቃው ተጎዳ፤ ኢጣልያኖቹም ብዙ ሰውና መኪና ጥለው አለፉ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

አሁን ይህን ወደ ጨዋታ መቀየር የሚፈልግ ሰው የሚገጥመውን ችግር ማሰብ ነው። ኸርትስ ኦፍ አይረን አራት የተባለው ጌም የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1936፣ የኢጣልያ ወረራ በተፋፋመበት ወቅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ማስፋፊያው ለኢትዮጵያ የራሷን የፖለቲካና የጦርነት መንገድ ሰጥቷታል። ጨዋታው የስንቅን ነገር በደንብ ይዟል፤ መንገድ የሌለው ጦር ይራባል። የቡሬን ምሥጢር ግን በዚያ መልክ መያዝ ይከብዳል። የናታሌን ቦታ የያዘ ተጫዋች ካርታውን ከፍቶ የባላጋራውን ቁጥር ካየ ጨዋታው እዚያው አበቃ፤ ወጥቶ ይደመስሰዋል። ቁጥሩን የሚደብቅ ጭጋግም ብቻውን አይበቃም፤ ናታሌን ያሸነፈው ካላየው ይልቅ ያየ የመሰለው ነገር ነበርና። የሐሰት እሳት፣ የሐሰት ድምፅ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ የተጋነነ ወሬ በጨዋታው ውስጥ የራሳቸው ዋጋ ሊኖራቸው ይገባል።

መፍትሔው ከኮምፒውተር በፊት ተፈልጎ ነበር። የፕሩሲያው መኮንን ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ለጦር ሠራዊቱ ባዘጋጀው የጦርነት ጨዋታ ሁለቱ ተፋላሚዎች ሙሉውን እውነት አያዩም። እውነቱን የሚይዘው ሦስተኛ ሰው፣ ዳኛው ነው። ተጫዋቾቹ ትእዛዝ ይሰጡታል፤ እሱም ጠባቂ ወይም ሰላይ ሊያይ የሚችለውን ያህል ብቻ ይነግራቸዋል። ዳኛው የተዋጣለት እንዲሆን አገሩን ማወቅ አለበት።

የምዕራብ ጎጃም ተጫዋች ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ መንገዱን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ከቡሬ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ጂጋና ደምበጫ፤ የትኛው ኮረብታ መንገዱን እንደሚገዛ፣ በየካቲት የትኛው ወንዝ በእግር እንደሚሻገር ከሩቅ ያለ ካርታ ሠሪ አያውቅም።

ይህ ሁሉ የሚጻፈው እውነተኛ ጦርነት ስለሚያውቅ አገር ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰ የአየር ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በመስመር የሚገናኝ የተጫዋቾች ማኅበር ይበተናል። የሚቀረው በአንድ ክፍል በኬብል የተያያዘ ኮምፒውተር፣ በፍላሽ የሚዘዋወር ካርታና ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው ነው። ጦርነትን በቤቱ ያየ ሰው ስለ ጦርነት ጨዋታ ሲናገር ደግሞ ሊደመጥ ይገባል፤ የሞተው ቁጥር ብቻ እንዳይሆን፣ የተቃጠለው መንደር በካርታው ላይ ስም እንዲኖረው የመጠየቅ መብት አለው። የቡሬን ዘመቻ የሚሠራ ሰው የጣሊያን ምሽጎችን ብቻ ሳይሆን ጦሩን ያበላውን፣ መረጃ ያቀበለውንና ቤቱ የተቃጠለበትን ገበሬ ማስገባት ይኖርበታል። አርበኛው በዚያ ገበሬ እጅ ባይበላና ባይሸሸግ ኖሮ ዊንጌት የሚደርስለት ጦር አያገኝም ነበር።

እንግዲህ የቡሬ ጨዋታ ቢሠራ ቅርጹ ምን ይሁን ቢባል፣ ከበባው ተራ ሳይጠበቅ ቢካሄድ ያምራል፤ የየሌሊቱ ተኩስ፣ የድምፅ ማጉያው ጥሪና የሚከዳው ባንዳ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀስ፣ ናታሌም እያየ ይጨነቅ። ናታሌ ምሽጉን ለቅቆ መንገድ ከጀመረ በኋላ በየተራ ይሁን። ከሁለቱ ተጫዋቾች ጋር አንድ ዳኛ ይቀመጥ። ቦይልን የሚጫወተው ሰው ጠላት ከቡሬ መውጣቱን የሚሰማው መቼ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው፤ በየካቲት 27ቱ ውጊያ ትልቁ ጥያቄም ይኸው ነበረና። ከዳኛው ጀርባ የቆሙት ሰዎች ደግሞ ሁለቱም ወገን የማያየውን ሙሉ ካርታ ያያሉ፤ አፋቸውን እንዲይዙ ማድረግ የዳኛው ከባዱ ሥራ ይሆናል።