«ፖሊሲ» ያለ ፖለቲካ፦ በድኅረ ምረቃ ደረጃ ስለሚሰጠው የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት ሒሳዊ አስተያየት

መግቢያ

በስደት ካደጉ ልጆቻችንና ከአገር ቤት ለከፍተኛ ትምህርት ከሚመጡት ወጣቶች መካከል «የሕዝብ ፖሊሲ» በሚባለው ዘርፍ የማስተርስ ዲግሪ ለመያዝ የሚሹት ጥቂቶች አይደሉም። አባቶቻቸውና እናቶቻቸው አገር ለመለወጥ ሲያስቡ ሕግን፣ ታሪክን፣ ምጣኔ ሀብትን ወይም የፖለቲካ ሳይንስን ይመርጡ ነበር። የዛሬዎቹ ምርጫም ምክንያት አለው። ትምህርቱ በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ከቁጥርም ከአስተዳደርም ያስተዋውቃል፤ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ የሥራ በር ይከፍታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በርዕዮተ ዓለም ጠብ ለተሰላቸ አእምሮ «ያለ ፖለቲካ አገርን የማገልገል» ተስፋ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ የመጨረሻውን ተስፋ ነው።

መከራከሪያዬ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት ለቀረበ ጥያቄ አማራጭ መልሶችን የማመዛዘን ጥበብን በሚገባ ያስተምራል። ጥያቄውን ማን እንደመረጠውና ማን ከጥያቄው ውጭ እንደቀረ መመርመርን ግን ለሌሎች የትምህርት ዘርፎች ይተወዋል። ተቋማቱ በጸኑበት አገር ይህ ጉድለት ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላል፤ እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ግን ሕይወት ሲያስከፍል ታይቷል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የዘርፉ ሁለት ወላጆች

የዘርፉ መምህራን የትውልድ ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ብዙውን ጊዜ ከሃሮልድ ላስዌል ይጀምራሉ። ላስዌል ከዳንኤል ለርነር ጋር በ1951 ባዘጋጀው «የፖሊሲ ሳይንሶች» በተባለው መድበል ውስጥ ያቀረበው ሐሳብ ሰፊ ነበር። በእርሱ አስተያየት የፖሊሲ ጥናት ሁሉንም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች አስተባብሮ፣ እያንዳንዱን ችግር ከታሪኩና ከአካባቢው ጋር አያይዞ፣ ለሰብአዊ ክብርና ለዴሞክራሲ ማገልገል ይገባው ነበር። እሴት የሌለው ሳይንስ እንዲሆን አላሰበም።

ትምህርት ቤቶቹን በተግባር የወለደው ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሒሳብ ሊቃውንት የጦር መርከቦችን ጉዞና የአውሮፕላኖችን ስምሪት ለማቀናጀት የተጠቀሙበት የስሌት ዘዴ፣ ከጦርነቱ በኋላ ራንድ በተባለው የምርምር ድርጅት ውስጥ አደገ። በ1961 ሮበርት ማክናማራ የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ ይህንኑ ዘዴ ወደ ሚኒስቴሩ የበጀት አሠራር አስገቡት። በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በሲቪል መሥሪያ ቤቶችም ሁሉ እንዲሠራበት አዘዙ። ትእዛዙን የሚፈጽም የሠለጠነ ሰው ግን አልነበረም። በ1960ዎቹ ማብቂያና በ1970 ገደማ በሚቺጋን፣ በሃርቫርድ፣ በበርክሌይና በራንድ የተከፈቱት የፖሊሲ ትምህርት ቤቶችና ፕሮግራሞች ይህን ክፍተት ለመሙላት ከታሰቡት መካከል ናቸው። ያ የበጀት አሠራር በሲቪል መሥሪያ ቤቶች በ1971 ተተወ። እናቲቱ ሞተች፤ ልጆቿ ግን አደጉ።

የትምህርቱን ሥርዓት የሚመለከት ሰው የሁለቱን ወላጆች ድርሻ በቀላሉ ይለያል። የመጀመሪያው ዓመት ዋና ሸክም ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስና የውሳኔ ትንተና ነው። የፖለቲካ ተቋማትና የሥነ ምግባር ትምህርት ይሰጣል፤ ሰዓቱ ግን ያነሰ ነው፤ ታሪክ ከነጭራሹ የማይጠየቅበት ትምህርት ቤትም አለ። በመጨረሻ ተማሪው አንድ «ደንበኛ» ይፈልጋል፤ ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ደንበኛ ችግሩን፣ አማራጮቹን፣ የመመዘኛ ነጥቦቹንና የመጨረሻ ምክሩን አሳጥሮ ይጽፋል። ላስዌል ስሙን ሰጠ፤ ራንድ የመማሪያ መጽሐፉን ጻፈ ለማለት ይቻላል።

ሒስ ሲባል ማጥላላት ብቻ እንዳይመስል የዘርፉን ትሩፋት መጥቀስ ተገቢ ነው። «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለው ጥያቄ እጅግ ጠቃሚ ነው። አንድ ብር ለአንድ ሥራ ሲውል ከሌላ ሥራ እንደሚቀነስ ማስታወስም እንዲሁ። የእኛ ትውልድ ምሁር በመፈክር ሲከራከር ቁጥር አይጠይቅም ነበር። ስለ ጭሰኛው ብዙ ተጽፏል፤ ጭሰኛው በዓመት ስንት ኩንታል እንደሚያመርትና ስንቱን እንደሚያስረክብ ያጠኑት ግን ጥቂቶች ናቸው።

2. የኦክላንድ ትምህርት

ዘርፉ ስለ ራሱ ከጻፋቸው ሒሶች ሁሉ የሚበልጠው በእኔ ግምት ጄፍሪ ፕሬስማንና አሮን ዊልዳቭስኪ በ1973 ያሳተሙት የአፈጻጸም ጥናት ነው። ዊልዳቭስኪ የበርክሌይ የፖሊሲ ትምህርት ቤት ዲን ስለነበሩ ሒሱ ከውስጥ የመጣ ነው። በ1966 የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት በካሊፎርንያዋ የኦክላንድ ከተማ ለሥራ ፈቶች፣ በተለይም ለጥቁር አሜሪካውያን፣ 3,000 ያህል የሥራ ቦታ ለመክፈት 23 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ገንዘቡ ነበረ፤ ሕጉ ነበረ፤ የሁሉም ወገን በጎ ፈቃድም ነበረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተገኘው ሥራ ከታሰበው ጋር የማይነጻጸር ጥቂት ነበር።

ደራሲዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ እቅዱ ከግብ ለመድረስ 70 ያህል ስምምነቶች ያስፈልጉት እንደነበር ቆጠሩ። ስሌቱ ቀላልና አስደንጋጭ ነው። እያንዳንዱ ስምምነት የመሳካት ዕድሉ ከ100 እጅ 99 ቢሆን እንኳ፣ ሰባው ሁሉ ተሟልቶ የመገኘቱ ዕድል ከግማሽ በታች ነው። ዕድሉ 95 ቢሆን ከ100 ወደ 3 ገደማ ይወርዳል። ተማሪው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት «አፈጻጸምን ከእቅድ አትለይ» የሚል ነው፤ ትክክልም ነው።

ለእኛ ግን ሌላ ትምህርት አለው። ኦክላንድ እቅዱ ሲከሽፍ ክሽፈቱን የሚያይ ከንቲባ፣ የሚጽፍ ጋዜጣ፣ የሚጠይቅ ምክር ቤትና መዝገቡን ከፍቶ የሚመረምር ዩኒቨርሲቲ ነበራት። ደራሲዎቹ የመንግሥትን ውድቀት በመጽሐፍ ርእስ ላይ ሳይቀር አውጀው በሥራቸው ቀጠሉ። የፖሊሲ ትንተና የመማሪያ መጻሕፍት እነዚህን ተቋማት አይዘረዝሯቸውም፤ እንደሚተነፈስ አየር ይቆጥሯቸዋልና። ዘዴው ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ግን እነርሱ አብረው አይሻገሩም። ወፍጮው ተጭኖ ይመጣል፤ ወንዙ እዚያው ይቀራል።

3. ጭላሎና ሠፈራ

ይህን በአገራችን ሁለት ምሳሌዎች ላሳይ። በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር ስሙ «ካዱ»፣ በዘመኑ ሚዛን የተዋጣለት የፖሊሲ ሥራ ነበር። ጥናቱ ጥልቅ ነበር፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ ብድርና ገበያ በአንድነት ተቀናጁ፤ የስንዴ ምርት ጨመረ። ችግሩ «የምርት ማነስ» ተብሎ ስለተተረጎመ መልሱም ምርት የሚጨምር ሆነ። የመሬቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ በወጪና በጥቅም ስሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ምርቱ ሲጨምርና እርሻ ትርፍ ሲያስገኝ ግን ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ማፈናቀል ጀመሩ። ስዊድኖች የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ቢወተውቱም፣ ባለመሬቶች በሚበዙበት ፓርላማ ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ፕሮጀክቱ ሊረዳው የተነሣለት ጭሰኛ በፕሮጀክቱ ስኬት ምክንያት ተነቀለ። ካዱ የተሳሳተው ሒሳቡን አልነበረም፤ የጥያቄውን ዳርቻ እንጂ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ተቃራኒው ነው። ያ የተዘለለ ጥያቄ በመጋቢት 1975 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በአንድ ቀን መልስ አገኘ። ጥያቄውን በድፍረት ያነሣው መንግሥት ግን መልሱን መመዘንና መመርመርን እንደ ክህደት ቆጠረ። ከ1984 እስከ 1986 ድረስ 600,000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጓዙ፣ ከደጋ የመጣ ገበሬ በወባማ ቆላ እንዴት እንደሚኖር፣ ነባሩ ሕዝብ ምን እንደሚል፣ መሄድ የማይፈልግ ሰው ምን እንደሚሆን በግልጽ የመጠየቅ መብት ያለው አካል አልነበረም። በመንደር ምሥረታውም በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ በተመሳሳይ መንገድ ቤቱን አፈረሰ። ጄምስ ስኮት በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ከታንዛንያው ኡጃማ ጋር አያይዘው የተቹት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ካዱ ስሌት ነበረው፤ የመሬቱን ጥያቄ ግን አልያዘም። ደርግ ጥያቄውን ያዘ፤ ስሌቱን ግን ናቀ። የፖሊሲ ትምህርት ቤት ከሁለተኛው ስሕተት ያድነን ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ግን አያድነንም፤ ካዱ ያ ዓይነቱ ትምህርት የሚያወድሰው ሥራ ነበርና።

ስሌትና ጥያቄ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳይ ሥራ ሳይጻፍ አልቀረም። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተሙት የረኀብ ጥናት የ1973ቱን የወሎ እልቂት ሲመረምሩ «በአገሩ ምን ያህል እህል አለ?» የሚለውን የተለመደ ጥያቄ ትተው «ማን እህሉን የማግኘት አቅምና መብት አጣ?» ብለው ጠየቁ። መደምደሚያቸው ክርክር አስነሥቷል። መስፍን ወልደ ማርያምም በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ የገጠሩን ሕዝብ ለረኀብ ያጋለጠው ድርቅ ብቻ ሳይሆን ገበሬው የተጫነበት ሥርዓት መሆኑን በሌላ መንገድ አሳይተዋል። የሁለቱ ምሁራን ጥንካሬ የችግሩን ትርጉም ከደንበኛ አለመቀበላቸው ነው።

4. የቃላቱ ጉዳይ

በእንግሊዝኛ «ፖለቲክስ» እና «ፖሊሲ» ሁለት ቃላት ናቸው። በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ግን ለሁለቱም የሚያገለግለው አንድ ቃል ነው። እኛ ሁለቱንም በውሰት ወስደን፣ ፖለቲካን የሚያሳስርና የሚያሳድድ፣ ፖሊሲን ንጹሕና የሚያስከብር አድርገን ለየናቸው። ወጣቶቻችንን የሚስበው «ያለ ፖለቲካ ማገልገል» የሚለው ተስፋ ከፊሉ በዚህ የቋንቋ አጋጣሚ ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል።

«የሕዝብ» የሚለውም ቅጽል ያው ነው። በአማርኛ ስንነጋገር «የመንግሥት ፖሊሲ» እንላለን እንጂ «የሕዝብ ፖሊሲ» የምንለው ስንተረጉም ብቻ ነው። የ1975ቱ አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የሚሰጠውና የሚነሣው ግን መንግሥት ሆነ። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርገዋል። ሁለቱን ቃላት የምታያይዘው «ና» ትንሽ ፊደል ናት፤ የፖሊሲ ጥናታችን ዋና ጥያቄ ግን በእርሷ ውስጥ ተቀምጧል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን ከመቶ ዓመት በፊት ያዩ ይመስላል። ካረፉ በኋላ በ1924 የታተመው መጽሐፋቸው ስሙ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ራሳቸው የጉምሩክ ሹም የነበሩት እኚህ ሰው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ንግድ ሲጽፉ የአገዛዙን ጠባይ ከሒሳቡ አልለዩም።

5. ደንበኛው ማን ነው?

ትምህርቱ የሚያስለምደው «ደንበኛ» በአገራችን ሁኔታ ሁለት መልክ አለው፤ ወይ መንግሥት ነው፤ ወይ ለጋሽ ድርጅት ነው። የዓለም ባንክና የገንዘብ ድርጅቱ በ1999 የዕዳ ቅነሳን ከድህነት ቅነሳ ሰነድ ጋር ካያያዙ ወዲህ፣ ኢትዮጵያም በ2002 የራሷን ሰነድ አቅርባለች። እንዲህ ያለው ሰነድ ሲዘጋጅ ሦስተኛው ወገን፣ ማለትም ፖሊሲው የሚወርድበት ሕዝብ፣ «ባለድርሻ» ተብሎ ለምክክር ይጠራል እንጂ ጥያቄውን አይቀርጽም። ለሁለቱም ደንበኞች ያልተገዛ ጥናት ሊወጣ የሚችለው ከዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1993 ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባረሩ የተጎዱት እነርሱ ብቻ አልነበሩም፤ አገሪቱ ደንበኛ የሌላቸውን ተንታኞች አጣች።

6. ምን ይደረግ?

ከላይ የተባለው ሁሉ ወጣቶቻችን ይህን ዘርፍ ይተዉ ለማለት አይደለም። ሒሳቡን ይማሩ፤ ሳያውቁት የሚተቹት ነገር አይደለምና። ከዚህ ጋር ግን ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለደንበኛ ከመጻፍ ይልቅ አንድ የኢትዮጵያ ውሳኔ መርጠው፣ ችግሩን መጀመሪያ ማን እንደሰየመውና የትኛው ስያሜ እንደተጣለ በሰነድ ይከታተሉ። ካዱ ራሱ ያሳተማቸው ዘገባዎች ብቻ ለብዙ ጥናት ይበቃሉ።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ባያስገድዳቸውም የመሬት ሕግንና የአገር ታሪክን ከሌላ ክፍል ፈልገው ይማሩ። ስለ ርስትና ስለ ጉልት ሳያውቁ ስለ «ንብረት መብት» የሚሰጡት ምክር ከመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ አያልፍም።

ሦስተኛ፣ ለመምህራቸው በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን ያንኑ አጭር ማስታወሻ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላው የአገር ቋንቋ፣ ፖሊሲው ለሚነካው ሰው አድርገው እንደገና ይጻፉት። «ሠፋሪው» ወይም «ተጠቃሚው» በሚለው ቦታ «አንተ» ወይም «አንቺ» ሲገባ የማይጻፍ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ጉድለቱ ከቋንቋው ሳይሆን ከምክሩ መሆኑን ይገነዘባሉ።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆችና አንባቢያንም ድርሻ አለን። የሃርቫርድ ወይም የበርክሌይ ተማሪ የኦክላንድን ታሪክ በእጁ ይዞ ይከራከራል፤ የእኛ ተማሪ የጭላሎን ታሪክ ከየት ያንብብ? ካዱን፣ የ1975ቱን አዋጅ፣ ሠፈራውንና መንደር ምሥረታውን በየተራ ሰነድ አቅርበን፣ የተቃራኒ ወገኖችን ክርክር ጎን ለጎን አስፍረን በአማርኛ ብናሳትም፣ ስለ ዘርፉ ከምንጽፈው ሒስ ይልቅ ለተማሪው የሚጠቅም ይሆናል።