«ምንም አንከስርም» የሚለው ሙግት በኢማም አል-ገዛሊ ሚዛን

በሚንበሮቻችንና በኮርስ መድረኮቻችን አንድ ሙግት እየተዘወተረ መጥቷል። አኼራ ካለ አማኙ ዳነ፣ ከሓዲው ጠፋ፤ ከሌለ ደግሞ ሁለቱም አፈር ሆነው ይቀራሉ፣ አማኙም በማመኑ የከሰረው ነገር የለም፤ ስለዚህ ብልህ ሰው ያምናል ይላል። ሙግቱ አጭርና ለማስታወስ የሚቀል ነው፤ አድማጭንም ፈገግ ካሰኘ በኋላ ያስደነግጠዋል። እኔም ለዓመታት አስተምሬበታለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙግቱ በምንጩ ላይ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበርና እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደጎደለው መመርመር ነው።

ለምርመራው ያነሣሣኝ እዚሁ ሀዋሳ ከዒሻ ሶላት በኋላ በሚሰጥ ደርስ ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያቀረበው ጥያቄ ነው። «ኡስታዝ፣ ይህንኑ ቃል በቃል የዶርም ጓደኛዬ ነግሮኛል፤ እሱ ግን የሚጠራኝ ወደ ቸርቹ ነው። ሙግቱ ለእኛ ከሠራ ለእሱ የማይሠራው ለምንድን ነው?» አለኝ። የእኛ ማስረጃ ይበልጣል ብዬ መለስኩለት። ቤቴ ስደርስ ግን መልሴ ራሱን እንዳፈረሰ ገባኝ፤ ማስረጃው ከበለጠ ሥራውን የሠራው ማስረጃው እንጂ ውርርዱ አይደለምና። ፕሮቴስታንቱ፣ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ ተከራይተው በሚኖሩባት ከተማ እንዲህ ያለው ጥያቄ ነገ ሌላውም መምህር ፊት መቅረቡ አይቀርም።

አውሮፓውያን ሙግቱን የሚያውቁት በብሌዝ ፓስካል ስም ነው። እርሱ በ1662 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ በ1670 በታተመው የሐሳቦቹ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ዴኒ ዲድሮ ሲሳለቅበት፣ ይህንኑ ነገር አንድ ኢማምም እንደ ፓስካል ሊለው ይችላል አለ። ዲድሮ ኢማሙን የጠቀሰው ለቀልድ ነበር፤ ዳሩ ግን ኢማሞቹ ከፓስካል አምስት መቶ ዓመት ቀድመው ብለውታል። ስፔናዊው ሚጌል አሲን ፓላሲዮስ በ1920 እ.ኤ.አ. የፓስካልን ውርርድ ኢስላማዊ ቀዳሚዎች ለይቶ አጥንቷል። ይሁን እንጂ ቀዳሚ መሆናችን ለዲድሮ መልስ አይሆንም። የተማሪዬ ጥያቄ በመሠረቱ የዲድሮ ጥያቄ ነውና።

ወደ ምንጩ እንመለስ። ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ፣ የሞቱት በ505 ሂ.) ሙግቱን በ«ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» ሦስተኛው ሩብ መጨረሻ፣ ስለ መታለል (ጉሩር) በጻፉት ኪታብ ውስጥ አምጥተውታል። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ለአንድ ሙልሒድ እንዲህ ማለታቸውን ይዘግቡና ወዲያው አንድ ማሳሰቢያ ያክላሉ፦ ዐሊይ ይህን ያሉት በአኼራ ተጠራጥረው ሳይሆን ሰውየውን በአእምሮው ልክ ሊያናግሩት ነው። በመድረኮቻችን ሙግቱ ሲነገር የሚዘለለው ይህ ማሳሰቢያ ነው። የእርሱ መዘለል ለአንድ ዓይነት በሽተኛ የታዘዘውን መድኃኒት ለሁሉም የሚታደል ቀለብ አድርጎታል።

በሽተኛው ማን ነበር? አል-ገዛሊ በዚያ ስፍራ የሚዋጉት ሸይጧን በልብ ውስጥ የሚዘራውን የነጋዴ ስሌት ነው፦ እጅ በእጅ ከዱቤ ይሻላል፤ ዱንያ እጅ በእጅ ናት፣ አኼራ ዱቤ ናት። ስሌቱን የሚያፈርሱትም በራሱ በነጋዴው ኑሮ ነው። ነጋዴው ድካሙ እርግጥ፣ ትርፉ ግን አጠራጣሪ ሆኖ ሳለ ይነግዳል፤ ታማሚው የመድኃኒቱ ምሬት እርግጥ፣ ፈውሱ ግን ያልተረጋገጠ ሆኖ ሳለ ይጠጣል። እንግዲህ በጥርጣሬ ላይ ያለ ሰው እንኳ አኼራን ችላ ለማለት ምክንያት የለውም ማለታቸው ነው። ሙግቱ ቸልተኛን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል፤ አላህ አንድ መሆኑን፣ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) መልእክተኛው መሆናቸውን ግን አያረጋግጥም፤ አል-ገዛሊም ለዚያ አልጠቀሙበትም። በምላስና በእምነት ሙእሚን ሆነው ትእዛዙን የተዉ ሰዎችም የዚሁ መታለል ተካፋዮች መሆናቸውን ይገልጻሉ። ኪታቡ ቀጥሎ የተታለሉትን በአራት መደብ ሲከፍል የመጀመሪያው መደብ የዕውቀት ሰዎች ናቸው። እኛ ኢ-አማኒ ላይ የምንወረውረው ድንጋይ ከዚህ ኪታብ የተነሣ መሆኑን ሳስብ አፍራለሁ።

በቁርኣን ውስጥ ለሙግቱ የቀረበው ስፍራ ሱረቱ ጋፊር 28ኛ አንቀጽ ነው። እምነቱን የደበቀው የፊርዐውን ቤተሰብ ሰው፣ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ውሸታም ከሆነ ውሸቱ በራሱ ላይ መሆኑን፣ እውነተኛ ከሆነ ግን የሚያስጠነቅቀው ነገር በከፊል እንደሚያገኛቸው ይነግራቸዋል። ንግግሩ የተነሣበት ጉዳይ መስተዋል አለበት፤ ሰውየው ግድያ ሊያስቆም ነው የቆመው። አደጋን መመዘን እዚያ ላይ ሰይፍ የያዘ እጅን አስታግሷል። ወደ እምነት ሲጠራቸው ግን የኑሕን፣ የዓድንና የሠሙድን ሕዝቦች፣ ከዚያም ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ያመጣላቸውን ግልጽ ማስረጃ ያወሳቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ግን «አማኙ ምንም አይከስርም» የሚለው ሐረግ ነው። ሱመያ (ረ.ዐ.) ሕይወታቸውን ከስረዋል። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓቦች አገራቸውን ከስረዋል። በእኛም አገር በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን፣ በ1870 ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ሲታዘዙ፣ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ግን ለተቃውሞ ተነሡ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ ቀን ክርስቲያን መስለው ሌሊት የሚሰግዱም ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች ማመን ነፃ ዕቃ አልነበረም። ስለ ደርግ ዘመን ስንናገርም ጥንቃቄ ያሻል፦ በዓሎቻችንን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ያወጀው ያው ቁስ አካላዊነትን በውይይት ክበብ ያስተማረው መንግሥት ነው፤ ሚዛኑ በአንድ ወገን ብቻ አይጫንም።

የወሎው ሌሊት ሰጋጅ አርአያው ዐማር ቢን ያሲር (ረ.ዐ.) ናቸው፤ ሙፈሲሮች የሱረቱ አን-ነሕል 106ኛን አንቀጽ ከእርሳቸው ጋር ያያይዙታል። ምላሳቸው ቢገደድም ልባቸው በኢማን የረጋ ነበር። አወራራጁ የእርሳቸው ግልባጭ ነው፤ ምላሱና እግሩ መስጊድ ውስጥ ናቸው፣ ልቡ ግን ገና ሒሳብ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሱረቱ አል-ሐጅ በ11ኛው አንቀጽ በጫፍ ላይ ሆኖ የሚገዛ ብሎ ይገልጸዋል፤ ደግ ሲያገኘው ይረጋል፣ ፈተና ሲያገኘው ይገለበጣል። ለትርፍ የገባ ሰው ኪሳራ ባየ ጊዜ ቢወጣ ከራሱ ስሌት አልወጣም።

ሥራ ልብን ይለውጣል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ በአደጋ ፍርሃት መስገድ የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ከልቡ ሊሰግድ ይችላል። ይህን እቀበላለሁ፤ አል-ገዛሊም የአካል ሥራ በልብ ላይ አሻራ እንደሚተው ያስተምራሉ። የሱረቱ አል-ሑጁራት 14ኛ አንቀጽም ኢማን ገና በልባቸው ያልገባ የገጠር ዐረቦችን አላባረረም፤ ሰልመናል በሉ ብሎ ስማቸውን አስተካከለ እንጂ። እኛም ስሙን እናስተካክል። አደጋን ፈርቶ የመጣን ሰው ደጃፍ ላይ እንደቆመ እንቁጠረው፤ የቂን እንዳገኘ አድርገን ደርሱን አንዝጋበት።

ለተማሪዬ በሌላ ቀን ያልኩት በግምት ይህ ነው፦ የጓደኛህ ሙግትና የእኔ ሙግት ኃይላቸው እኩል ነው፤ ሁለታችሁንም በዚህ ጉዳይ አትተኙ ይላችኋል፣ ከዚያ አልፎ ወዴት እንደምትሄዱ አይነግራችሁም። «እሺ ኡስታዝ፣ ታዲያ ከየት እንጀምር?» አለ። ሰዎች ያለ ፈጣሪ ተፈጠሩን ወይስ እነርሱው ፈጣሪዎች ናቸው ብሎ ከሚጠይቀው ከሱረቱ አጥ-ጡር 35ኛ አንቀጽ ጀመርን። ጓደኛውንም ይዞት እንዲመጣ ነገርኩት።