«ገንቢ» የሚለው ቃልና የቀድሞዎቹ የፕሮቲን ስሞች

በትምህርት ቤት መጻሕፍትና በጤና ትምህርት ጽሑፎች ምግብ በሦስት እንደሚከፈል የታወቀ ነው፤ ይኸውም ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ ነው። ከእነዚህ መካከል «ገንቢ» የተባለው ቃል ከተሰጠው ቦታ አልፎ «ፕሮቲን» ለሚለው ቃል አቻ ትርጉም ሆኖ ሲሠራበት እናያለን። ይህ አጠቃቀም ለተርጓሚው ምቹ ቢመስልም ቃሉን ከዐቅሙ በላይ የሚያሸክም ነው ብለን እናምናለን። ለማስረጃ ደሴንና ኮምቦልቻን የመረጥነው፣ ይህ አንድ ዓይነት ነገር በማእድ ቤት፣ በፋብሪካና በሐኪም ዘንድ እየተገለጠ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ከተሞች ውስጥ ለመመልከት ስለሚያመች ነው።

«ፕሮቲን» የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርሴሊዩስ «ቀዳሚ» ከሚል የግሪክ ቃል አውጥቶ፣ ለሆላንዳዊው ለሙልደር በደብዳቤ አቀረበለት፤ ሙልደርም በዚያው ዓመት በጽሑፉ ተጠቀመበት። የሙልደር ሐሳብ፣ በእንቁላል ነጭ፣ በደምና በወተት ውስጥ የሚገኙት እነዚህ ነገሮች ሁሉ አንድ የጋራ መሠረት አላቸው፣ የሚለያዩትም በድኝና በፎስፎረስ መጠን ነው የሚል ነበር። ሐሳቡ ብዙ ሳይቆይ ወደቀ፤ ስሙ ግን ሳይወድቅ ቀረ። «ቀዳሚ» የሚለው ፍች ከግሪክኛ ተናጋሪ በቀር ለማንም ስለማይሰማ፣ ንድፈ ሐሳቡ ሲፈርስ ስሙን ይዞት አልሄደም። በእንግሊዝኛም «ፕሮቲይድ» የሚል ተቀናቃኝ ስም ነበረ፤ ሁለቱ መደናገርን ስለፈጠሩ የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበራት በ1907፣ የአሜሪካዎቹም በ1908 እ.ኤ.አ. «ፕሮቲይድ» እንዲቀር ወሰኑ።

ከ1838 በፊት የነበሩት ስሞች ግን ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከጓዳና ከእጅ ሥራ የተገኙ ናቸው። «አልቡሚን» የላቲን «ነጭ» ነው፤ የእንቁላሉ ነጭ። «ካዜይን» ከላቲኑ የአይብ ስም መጣ። «ግሉተን» ማጣበቂያ ማለት ነው፤ ቤካሪ የተባለው ኢጣሊያዊ የስንዴ ሊጥን በውኃ አጥቦ የቀረውን ሙጫ መሰል ነገር የገለጸበት ጽሑፍ የታተመው በ1745 እ.ኤ.አ. ነበር። ጀርመንኛ ፕሮቲንን እስከ ዛሬ «የእንቁላል ነጭ» በሚል ቃል ይጠራዋል፤ መስኮብኛም ከ«ነጭ» በወጣ ቃል፤ ቻይንኛም «የእንቁላል ነጭ ነገር» ይለዋል። የዕብራይስጡ «ሔልቦን» አስቀድሞ የእንቁላል ነጭ ስም ሲሆን፣ ሥሩ ከግዕዙ «ሐሊብ» ጋር አንድ ነው። በወሎ የእስልምና ትምህርት ቤቶች ያደገ ዐረብኛ አንባቢም «ዙላል» የሚለውን ቃል ጥርት ላለ ውኃም ለእንቁላል ነጭም ሲነገር ያገኘዋል።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ያደረገው ነገር የሚያስገርም ነው። ከእንቁላሉ ውስጥ አስኳሉን ወስደን የአቶምና የሕዋስ መካከል ስም አደረግነው፤ ላቲን ለዚሁ የተጠቀመው የለውዝን ፍሬ ነበር። ምርጫው የሠመረ ነው። ብዙ ሕዝቦች ስም ያወጡበትን ነጩን ግን «ነጩ» ከማለት አላለፍንም፤ ራሱን የቻለ ስም የለውምና ለሌላ ነገር ልናውሰው አንችልም።

ይህ ማለት ግን አማርኛ ባዶ እጁን ነው ማለት አይደለም። በደሴ ያለች ባለ ላም አሬራውን እሳት ላይ ጥዳ አይቡን ከአጓቱ ስትለይ፣ ካዜይኑን በአብዛኛው በአይቡ ታስቀራለች፤ የቀድሞዎቹ ኬሚስቶች የሠሩትም ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም። «ረጋ» የሚለው ግስ ለወተትም ለደምም ይነገራል፤ እነዚያ ሊቃውንት እነዚህን ነገሮች በአንድ ወገን የሰበሰቡት መርጋታቸውን አይተው ነበር። (ቅቤም ይረጋልና ከዚህ ግስ የሳይንስ ስም እናውጣ አንልም።) ከሁሉ የሚደንቀው «ኮላ» ነው። የኮምቦልቻ አናጢ ከኢጣሊያንኛ ወርሶ በየዕለቱ የሚጠራው ይህ ቃል መነሻው ግሪክኛ ሲሆን፣ «ኮላጅን» የተባለውም የቆዳና የጅማት ፕሮቲን «ኮላ አስገኚ» ማለት ነው። ተማሪው እንደ ባዕድ የሚሸመድደውን ስም ግማሹን ከመንደሩ ያውቀዋል፤ ይህን የነገረው መምህር ስለ መኖሩ ግን እንጠራጠራለን።

አሁን «ገንቢ»ን በእነዚሁ ከተሞች እንፈትነው። በኮምቦልቻ ቆዳ ይለፋል፤ ቆዳ በአመዛኙ ፕሮቲን ነው፤ «ቆዳ ገንቢ ምግብ ነው» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አይገኝም። በዚያው ከተማ ቢራ ይጠመቃል፤ ከገብሱ የሚመጣ ፕሮቲን ቢራውን ስለሚያደፈርስ መቀነስ ያለበት ነገር ነው። የእባብ መርዝም አብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ምን እንደሚገነባ እንጃ! እነዚህ ፈገግ ቢያሰኙም የሚከተለው ግን አያሥቅም። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ የደም ግፊት ከፍ ብሎ በሽንቷ ፕሮቲን ሲታይ አደገኛ ምልክት ነው። ይህን ውጤት «ገንቢ ምግብ በሽንትሽ እየወጣ ነው» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ እናቲቱ ችግሯ የምግብ ማነስ መስሏት እንቁላልና ሥጋ ለመፈለግ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ያደርጋታል። ቃሉ ነገሩን ሳይሆን ጥቅሙን ስለሚናገር፣ ጥቅም በሌለበት ቦታ ሐሰት ይሆናል።

ይህን ስንል «ገንቢ» ይጥፋ ማለታችን አይደለም። የ1965–66 እና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ባለፈበት አገር የምግብን ጥቅም በአንድ ቃል ለእናቶች ማስረዳት የቻለ አነጋገር ሊናቅ አይገባውም። ለሕፃናት የተዘጋጀው ምግብ «ፋፋ» መባሉም ከዚህ ወገን የሚቆጠር የተዋጣለት ስያሜ ነው፤ የምግቡን ጥቅም እንጂ በውስጡ ያለውን ነገር ስም እናገራለሁ አላለምና። በፕሮቲን እጥረት ለተገለጸው ሕመም ደግሞ ዓለም የተቀበለው «ክዋሺዮርኮር» የሚለውን የጋና ሕዝብ የጋ ቋንቋ ቃል ነው፤ ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ በ1935 እ.ኤ.አ. ቃሉን ሳትተረጉም ስላስገባችው የቤት ቃል እንደ ሆነ ዓለምን ዞረ።

ስለሆነም ለነገሩ «ፕሮቲን» ይጽና፤ «ገንቢ» ለምግብ ክፍል ብቻ ይወሰን። «ባዕድ ቃል በዛ» ለሚሉ ወገኖች፣ ከግዕዝ ሌላ ስም ከመቅረጽ ይልቅ ፍቺውን ከጓዳና ከእጅ ሥራ ቃላት መሥራት እንደሚበልጥ እናሳስባለን። ለምሳሌ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ካዜይንን «አሬራ ሲሞቅ ከአጓቱ ተለይቶ በአይቡ የሚቀር የወተት ፕሮቲን»፣ ኮላጅንንም «በቆዳ፣ በጅማትና በአጥንት የሚገኝ፣ ሲቀቀል ኮላ የሚወጣው ፕሮቲን» ብሎ መፍታት ይቻላል። ለአልቡሚን ግን «በእንቁላል ነጭና በደም ውስጥ ያለ» ማለቱ አይበቃም፤ የነጩ አልቡሚንና የደሙ አልቡሚን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ በሁለት ተራ ቁጥር ሊፈቱ ይገባል።